«ሲስተም የለም» የተፈጥሮ አደጋ አይደለም

አዲስ አበባ ውስጥ ከየትኛውም ባለሥልጣን ትእዛዝ በላይ የሚከበሩ ሁለት ቃላት አሉ፦ «ሲስተም የለም»። እነዚህ ከተነገሩ በኋላ ክርክር የለም፣ ይግባኝ የለም፣ ተጠያቂም የለም። ወረፋው ይበተናል። ተገልጋዩ «መቼ ይመጣል?» ብሎ ይጠይቃል፤ መልሱ «እኛም አናውቅም» ነው። ሠራተኛው ወንበሩን ወደ ኋላ ገፋ አድርጎ ስልኩን ያወጣና ቴሌግራም ይከፍታል። ቴሌግራሙ ይሠራል!

ነገሩ ሁሉ ያለው እዚህች ላይ ነው። ኢንተርኔት ከቢሮው አልጠፋም። የጠፋው ከአንድ ሽቦ ነው። በሠራተኛው ኪስ ያለው መስመር እየሠራ፣ የመንግሥት ሥራ የተንጠለጠለበት መስመር ሞቷል። በሁለቱ መካከል የሚያቀያይር ማንም ስላልተዘጋጀ ግን ስልሳ ሰው ወደ ቤቱ ይመለሳል።

ዋጋውን የሚከፍለው ማን ነው? በየካ ክፍለ ከተማ ከእንጦጦ ግርጌ፣ ከፈረንሳይ ለጋሲዮን በላይ ካሉት ሰፈሮች አንዲት ማስረጃ ለማውጣት የሚወርድ አዛውንት ነው። አንድ ቀን ከሥራ ከቀረ የዚያን ቀን ደመወዝ የማያገኝ የቀን ሠራተኛ ነው። ከተራራው ቅጠልና ጭራሮ ተሸክማ እየወረደች ልጆች የምታሳድግ እናት ናት። ለእሷ «ነገ ተመለሺ» ማለት የነገን እንጀራ አምጪ ማለት ነው። መስኮቱ ውስጥ ላለው ሰው ግን ደመወዙ ሲስተም ኖረም አልኖረም በወሩ መጨረሻ ይገባል።

ወረቀቱን ከመስኮቱ ያነሳው ተገልጋዩ አይደለም። «ዲጂታል ኢትዮጵያ 2025» የተሰኘው ስትራቴጂ በ2012 ዓ.ም. ሲጸድቅ ሕዝቡ «መዝገቡን አንሱልን» ብሎ ሰልፍ አልወጣም። ቴሌብር በግንቦት 2013 ዓ.ም. ሥራ ጀመረ። ከሚያዝያ 2015 ዓ.ም. ጀምሮ አዲስ አበባ ውስጥ ነዳጅ በዲጂታል ክፍያ ብቻ እንዲቀዳ ተደረገ። በ2016 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና በከፊል በኦንላይን ተሰጠ። የፋይዳ ቁጥር ለባንክም ለሌላውም አገልግሎት በር መክፈቻ ሆነ። ይህ ሁሉ መልካም ሊሆን ይችላል። ነገር ግን አሮጌውን በር የዘጋ፣ አዲሱ በር መከፈቱን የማረጋገጥ ግዴታ አለበት። ግዴታው የሚጀምረው ከዚያች አንድ ሽቦ ነው።

እስከ 2015 ዓ.ም. ድረስ አንድ ሰበብ ነበረ፤ ሰበቡም እውነትነት ነበረው። ኢትዮ ቴሌኮም ብቻውን ነበር። የቤቱ ፋይበርም፣ የኪሱ ሲምም፣ የጎረቤቱ ዋይፋይም የአንድ ድርጅት ነበሩ። «ሁለተኛ መስመር አስገባ» ለሚል ሰው መልሱ «ከማን?» ነበር። ሳፋሪኮም ኢትዮጵያ በግንቦት 2013 ዓ.ም. በ850 ሚሊዮን ዶላር ፈቃድ አሸነፈ፤ መስከረም 26 ቀን 2015 ዓ.ም. አዲስ አበባ ውስጥ አገልግሎቱን በይፋ ጀመረ። ከዚያን ቀን ጀምሮ «ከማን?» የሚለው ጥያቄ መልስ አለው። ሰበቡ ሞቷል፤ የቀረው ለቅሶው ብቻ ነው።

ይህ ከተማ ነገሩን በሌላ ዘርፍ ጠንቅቆ ያውቀዋል። ውኃ በፈረቃ ስለሚመጣ ግቢው ሮቶ ሰቅሏል። መብራት ስለሚጠፋ ሆቴሉ፣ ባንኩ፣ ሆስፒታሉ ጄኔሬተር ተክሏል። ለውኃ ሮቶ፣ ለመብራት ጄኔሬተር፣ ለኢንተርኔት ግን ጸሎት። ለምን?

ቴክኒሻኖች «ፌይልኦቨር» የሚሉት ነገር ረቂቅ ጥበብ አይደለም። አንድ ራውተር ላይ ሁለት መስመር ይገባል፤ አንዱ ፋይበር፣ ሌላው የሌላ ድርጅት የሞባይል ኢንተርኔት ይሁን። ለእያንዳንዱ መስመር የቅድሚያ ቁጥር ይሰጣል። ራውተሩ ዘወትር በባለ ትንሹ ቁጥር ይሄዳል። ያኛው ሲሞት ከመንገዶቹ ዝርዝር ያወጣውና በሁለተኛው ይቀጥላል። ሲመለስ ይመልሰዋል። ሰው አይነካውም። በመስኮቱ ፊት ያለው ተገልጋይ ጥቂት ሴኮንድ ይጠብቃል እንጂ ወደ ቤቱ አይሄድም።

ሆኖም ሁለት መስመር መግዛት ብቻውን አያድንም፤ እዚህ ላይ ብዙ ገንዘብ ያወጡ መሥሪያ ቤቶችም ይወድቃሉ። የመጀመሪያው ስሕተት ራውተሩ የሚጠይቀውን ሰው መሳሳቱ ነው። «መስመሩ አለ ወይ?» ብሎ የሚጠይቀው የቅርብ ጎረቤቱን፣ ግድግዳው ላይ የተሰቀለችውን ሳጥን ከሆነ፣ መልሱ ሁልጊዜ «አለ» ነው። መገናኛ ላይ ኤክስካቫተር ፋይበሩን ቢበጥሰው ሳጥኗ ምን ቸገራት? መብራት አላት፣ ጤነኛ ናት፣ ሲጠሯት «አቤት» ትላለች። ራውተሩ ያምናታል፤ ቢሮው በሞተ መስመር ላይ ተቀምጦ ይውላል፤ ሁለተኛው መስመር አጠገቡ ሥራ ፈትቶ ይውላል። ከዚያ «ሁለት መስመር አስገብተን ነበር፣ አልጠቀመንም» ይባላል።

መፍትሔው ጥያቄውን ራቅ ማድረግ ነው። ራውተሩ መጠየቅ ያለበት ከቤቱም ከድርጅቱም ውጭ ያለ፣ ዘወትር የሚመልስ አድራሻ ነው፤ ያውም በዚያው መስመር በኩል ብቻ። አንዱ አድራሻ ራሱ ቢታመም ራውተሩ እንዳይሳሳት ሁለት አድራሻ መጠየቅ ይሻላል። እዚህ አገር በብዛት በሚታወቀው ማይክሮቲክ ላይ ይህ ምርመራ በየ10 ሴኮንዱ ይደረጋል፤ ሁለት ጊዜ በተከታታይ መልስ ከጠፋ መስመሩ እንደሞተ ይቆጠራል። አቅሙ ዕቃው ውስጥ አለ። የጎደለው አንድ ከሰዓት በኋላ ተቀምጦ በትክክል የሚያስተካክለው ሰውና «አስተካክል» የሚለው አለቃ ነው።

ሁለተኛው ስሕተት የስም ማውጫው፣ ዲኤንኤስ የሚባለው ነው። ራውተሩ መስመሩን ቀይሮ፣ የድረ ገጽ ስም ለማስፈታት ግን የመጀመሪያውን ድርጅት ማውጫ መጠየቁን ከቀጠለ፣ ማውጫው ከሌላ ድርጅት ለመጣ ጥያቄ ላይመልስ ይችላል። መስመር አለ፣ ገጽ አይከፈትም። ሦስተኛው መዋለል ነው፤ ፋይበሩ መጣ ሄደ፣ መጣ ሄደ በሚልበት ቀን ራውተሩ አብሮት ከተወዛወዘ ከሙሉ ጥፋት የባሰ ይሆናል። መስመር በተቀየረ ቁጥር ቢሮው ወደ ውጭ የሚታይበት አድራሻ ስለሚቀየር የተከፈተው ሥራ ሁሉ ይቋረጣል፤ ቪፒኤኑ ይወድቃል፣ ሲስተሙ «እንደገና ግቡ» ይላል። ስለዚህ ሲሄድ ቶሎ፣ ሲመለስ ዘግይቶ መሆን አለበት፦ ዋናው መስመር ለጥቂት ደቂቃዎች ሳይንገዳገድ መቆየቱን ካላሳየ አይታመንም።

አራተኛው ስግብግብነት ነው። መጠባበቂያው በፓኬጅ የሚሠራ ሲም ከሆነና በዚያ ሰዓት የኮምፒውተሮቹ አፕዴትና የሠራተኛው ዩቲዩብ አብረው ከጎረፉበት፣ ፓኬጁ ከምሳ በፊት ያልቃል። በመጠባበቂያው ላይ ማለፍ ያለበት የተገልጋዩ ሥራ ብቻ ነው። አምስተኛው ዝምታ ነው። ራውተሩ መስመር ሲቀይር ለማንም ካልተናገረ፣ ቢሮው ሳያውቀው በመጠባበቂያው ላይ ሳምንታት ይኖራል፤ ያኛው ሲሞት «ሁለቱም አንድ ላይ ጠፉ» ይባላል። አንድ ላይ አልጠፉም። የመጀመሪያው የጠፋ ዕለት የሰማ አልነበረም።

ስድስተኛው መብራት ነው። መብራት ሲሄድ ፋይበሩ በአብዛኛው አልተነካም፤ የጠፉት ራውተሩና ሳጥኗ ናቸው። የሁለቱ ፍጆታ ከአንድ አምፖል እምብዛም አይበልጥም። ትንሽ ዩፒኤስ ለሰዓታት ይይዛቸዋል። ነገር ግን በብዙ ቢሮ ዩፒኤሱ ያለው ከኃላፊው ጠረጴዛ ሥር ነው።

አበው «ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ አይወጣም» ይላሉ። ለሰው እውነት ነው። ለመሥሪያ ቤት ግን ተቃራኒው ነው፦ ሁለት ዛፍ ላይ መውጣት አለበት፤ ችግሩ ብዙዎቹ ወጣን የሚሉት ሁለት ዛፍ ላይ ሳይሆን የአንድ ዛፍ ሁለት ቅርንጫፍ ላይ መሆኑ ነው። ከአንድ ድርጅት ፋይበርም ሲምም መያዝ ሁለት ቅርንጫፍ ነው፤ ግንዱ ሲቆረጥ ሁለቱም ይወርዳሉ። በአንድ ቦይ የተቀበሩ የሁለት ድርጅት ፋይበሮችም እንዲሁ ናቸው። ከአራት ኪሎ በእንግሊዝ ኤምባሲ በኩል እስከ መገናኛ በኮሪደር ልማቱ ሽቦዎች ከምሰሶ ወርደው መሬት ገብተዋል፤ ለዓይን ጥሩ ነው፣ ለነፋስና ለዝናብም ጥሩ ነው። ሁሉም በአንድ ቦይ ከሄዱ ግን አንድ የተሳሳተ ቁፋሮ ሁሉንም ይወስዳል። ስለዚህ አንዱ በመሬት፣ ሌላው በአየር ቢሆን ይመረጣል። ኤክስካቫተር አየር አይቆርጥም።

የካ ደግሞ ተራራና ሸለቆ ነው። በቀበና ወንዝ ዳር ያለ ቢሮና በኮተቤ ገላጣ ላይ ያለ ቢሮ አንድ ዓይነት ሲግናል አያገኙም። የትኛው ድርጅት ይሻላል የሚለው በማስታወቂያ አይወሰንም፤ በዚያው ሕንፃ፣ በዚያው ፎቅ፣ በሥራ ሰዓት ተለክቶ ነው። ሞደሙም ከብረት ቁም ሣጥን ጀርባ ሳይሆን ግንቡ ወደሚታይበት መስኮት መጠጋት አለበት።

ይህ የድሃ አገር ችግር ብቻ እንዳይመስል ካናዳን ማየት ይበቃል። ሐምሌ 1 ቀን 2014 ዓ.ም. ሮጀርስ የተባለው ግዙፍ ቴሌኮም በኔትወርኩ እምብርት ላይ ማስተካከያ ሲያደርግ ተሳሳተ፤ ከ12 ሚሊዮን በላይ ደንበኞች ስልክም ኢንተርኔትም አጡ። ኢንተራክ የተባለው የአገሪቱ የካርድ ክፍያ በሮጀርስ ላይ ተደግፎ ስለነበር አብሮት ወደቀ። የድንገተኛ አደጋ ጥሪ ተስተጓጎለ። አስቂኙ ነገር፣ የሮጀርስ ባለሙያዎች ራሳቸው ይጠቀሙ የነበረው የሮጀርስን መስመር ስለነበር ብልሽቱን ለመጠገን እርስ በርስ መነጋገር ተቸገሩ። ልዩነቱ ከዚያ በኋላ የሆነው ነው። ኃላፊዎቹ ፓርላማ ፊት ቀርበው ተጠየቁ፤ መንግሥት ለቴሌኮሞቹ 60 ቀን ሰጥቶ በአደጋ ጊዜ እርስ በርስ እንዲደጋገፉ አስፈረማቸው፤ ኢንተራክም ሌላ አቅራቢ ጨመረ። እዚያም መስመር ይጠፋል። «እኛም አናውቅም» ግን መልስ ሆኖ አያድርም።

የሚነሱት ተቃውሞዎች ይታወቃሉ። «ውድ ነው» ይባላል። ስልሳ ሰው ከአንድ መስኮት ቢበተንና እያንዳንዱ ግማሽ ቀን ቢያጣ፣ በአንድ ጠዋት ሠላሳ የሥራ ቀን ጠፋ ማለት ነው። ይህ ወጪ በመሥሪያ ቤቱ በጀት ላይ ስለማይጻፍ ብቻ እንደሌለ ይቆጠራል። «ባለሙያ የለም» ይባላል። አንድ ክፍለ ከተማ ላሉት ወረዳዎች ሁሉ አንድ ዓይነት ራውተር ገዝቶ፣ አንድ ጊዜ በትክክል ተዘጋጅቶ፣ ያው ዝግጅት ለሁሉም ሊገለበጥ ይችላል። ለእያንዳንዱ ወረዳ ሊቅ አያስፈልግም።

ሦስተኛው ተቃውሞ ግን ቁም ነገር አለው፦ «ሲስተሙ የሚከፈተው በመንግሥት የውስጥ ኔትወርክ ብቻ ነው፣ ሌላ መስመር ምን ያደርግልናል?» ይላል። እውነት ነው፤ በዚህ ጊዜ ሁለተኛው መስመር በቪፒኤን በኩል ወደ ውስጥ ኔትወርኩ መግባት አለበት፤ እሱን የመፍቀድ ሥልጣንም የወረዳው ሳይሆን የማዕከሉ ነው። ደግሞም ሰርቨሩ ራሱ ከወደቀ በወረዳው ራውተር ላይ አሥር መስመር ቢሰካ ዋጋ የለውም። ታዲያ ይህ ለዝምታ ሳይሆን ለግልጽነት ነው ምክንያት የሚሆነው። «ሲስተም የለም» የሚለው ቃል ቢያንስ ሦስት የተለያዩ ጥፋቶችን ይሸፍናል፦ የቢሮው መስመር፣ የድርጅቱ መንገድ፣ የማዕከሉ ሰርቨር። ሦስቱ ሦስት የተለያዩ ተጠያቂዎች አሏቸው። በአንድ ቃል ሲጠሩ ሦስቱም ያመልጣሉ።

ከሁሉም የከበደው ተቃውሞ አራተኛው ነው፦ «ሲዘጋ ሁሉም ይዘጋል።» ይህን የሚል ሰው ተሳስቷል ማለት አይቻልም። በሰኔ 2012 ዓ.ም. ከሃጫሉ ሁንዴሳ ግድያ በኋላ መላው አገር ለሦስት ሳምንታት ገደማ ያለ ኢንተርኔት ቆየ። ትግራይ ከ2013 ዓ.ም. ጥቅምት መጨረሻ ጀምሮ ለሁለት ዓመታት ገደማ ተቆረጠች። በየካቲት 2015 ዓ.ም. የተዘጉት ማኅበራዊ ገጾች፣ ይህ ጽሑፍ የሚነበብበት ቴሌግራም ጭምር፣ ከአምስት ወራት በላይ ተዘግተው ቆዩ። በአማራ ክልል ደግሞ ከ2015 ዓ.ም. ሐምሌ መጨረሻ ጀምሮ የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ጠፋ። እንዲህ ያለውን መዘጋት የትኛውም የራውተር ቁጥር አይሻገረውም። ጠቅላይ ሚኒስትር ዐቢይ አሕመድ በሐምሌ 2011 ዓ.ም. ኢንተርኔት ውኃም አየርም አይደለም ማለታቸው ይታወሳል። ከዚያ ወዲህ ግን ነዳጁም፣ ክፍያውም፣ ፈተናውም፣ መታወቂያውም በዚሁ «ውኃም አየርም ባልሆነ» ነገር ላይ ተሰቅሏል። የሰቀለውም ሕዝቡ አይደለም።

ሁለተኛው መስመር የሚያስፈልግበት አንዱ ትልቅ ምክንያት ይኸው ነው። ሁሉም ጥፋት «ኔትወርክ የለም» በሚባልበት አገር ብልሽትና ትእዛዝ አይለዩም፤ አንዱ በሌላው ጀርባ ይደበቃል። አንድ ቢሮ ግን የሁለት ድርጅት፣ በሁለት መንገድ የሚመጣ፣ በባትሪ የተያዘ መስመር ኖሮት ሁለቱም በአንድ ደቂቃ ቢሞቱ፣ ያን ጊዜ ኤክስካቫተሩን መክሰስ ይከብዳል። ጥያቄው ለሚመለከተው ይሄዳል።

መጠየቅ ያለበት ብዙ አይደለም። ሕዝብ የሚያገለግል መስኮት ሁሉ ከሁለት የተለያዩ ድርጅቶች መስመር ይኑረው፤ ራውተሩና ሳጥኑ በዩፒኤስ ይያዙ። በወር አንድ ቀን፣ ወረፋ በሌለበት ሰዓት፣ ዋናው ገመድ ሆን ተብሎ ይነቀል፤ ሥራው ካልቀጠለ ፌይልኦቨር የለም ማለት ነው፣ ወረቀት ላይ ምንም ቢጻፍ። መስመሩ በጠፋ ቁጥር የጠፋበት ሰዓት፣ የተመለሰበት ሰዓትና ምክንያቱ በሩ ላይ ይለጠፍ። በአዋጅ ቁጥር 1148/2011 የተቋቋመው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣንም ቴሌኮሞቹ መቼ፣ የት፣ በምን ምክንያት፣ ለስንት ሰዓት እንደተቋረጡ ማንም ሊያነበው በሚችል መዝገብ ያስወጣቸው። ሁለቱም መስመሮች ሲሞቱ ደግሞ ሦስተኛው መስመር ወረቀት ነው፦ ቅጹ በእጅ ይሞላ፣ ማኅተም ይደረግበት፣ ተገልጋዩ ደረሰኝ ይዞ ይሂድ፣ ሲስተሙ ሲመጣ ሠራተኛው ያስገባው። የመመለሱን ድካም ተቋሙ ይሸከም እንጂ አዛውንቱ አይሸከሙት።

አገሪቱ አቅም የላትም እንዳይባል፣ ከነዚሁ ቢሮዎች በላይ እንጦጦ ተራራ ላይ የምልከታ ማዕከሉ አለ። ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ዓ.ም. ወደ ሕዋ የተላከችው የመጀመሪያዋ የኢትዮጵያ ሳተላይት ከ600 ኪሎ ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ሆና መረጃ እንድትልክ የምድር ጣቢያው የተተከለው እዚያ ነው። ከሕዋ ጋር የሚነጋገር ጣቢያ ያቆመ መንግሥት፣ ከተራራው ግርጌ ያለ ወረዳ ከማዕከሉ ጋር እንዳይቆራረጥ ሁለተኛ መስመር ማስገባት አቃተኝ ቢል የሚያምነው የለም። አላቃተውም፤ የጠየቀው የለም።

ስለዚህ በሚቀጥለው ጊዜ ከመስኮቱ «ሲስተም የለም» ሲባል ወረፋው ዝም ብሎ አይበተን። በትሕትና፣ ግን ድምፅ ከፍ አድርጎ አንድ ጥያቄ ይጠይቅ፦ ሁለተኛው መስመር የታለ?